ልሽጠው ወይስ ላቆየው?

(በአዲስ አበባ የእግር ኳስ ወዳጆች በተሰበሰቡበት አንድ ምሽት የቀረበ ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

ነሐሴ 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ሐሙስ ማታ ስልኬ ጠራ። የደወለልኝ የሠፈራችን ልጅ ነው። ጠበቃ መሆኔን ስለሚያውቅ የሕግ ነገር ሲገጥመው፣ የቤት ኪራይ ውልም ይሁን የእድር ጠብ፣ ወደ እኔ ይደውላል። የዚያን ዕለት ግን ድምፁ ጨንቆት ነበር። «ጋሼ፣ የማንቸስተር ሲቲው ቤንጃሚን ሜንዲ በአስገድዶ መድፈር ተከሰሰ አሉ፤ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። እኔም ወንበሬን ስቤ ተቀመጥሁ። ስለ ዋስትና፣ ስለ ማስረጃ ምዘና፣ ስለ እንግሊዝ ችሎት ላስረዳው ጉሮሮዬን ስጠራርግ አቋረጠኝ። «እሱን አይደለም የምልዎት፤ ፋንታሲ ቡድኔ ውስጥ አለ። ልሽጠው ወይስ ላቆየው?»

ፋንታሲ ማለት የእውነተኛ ተጫዋቾችን ስም በምናብ ገንዘብ እየገዙና እየሸጡ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ልክ ነጥብ የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። ቆየት ብሎ ግን ልጁ ከብዙዎቻችን ይልቅ ሐቀኛ እንደሆነ ገባኝ። እርሱ የጠየቀው ማወቅ የፈለገውን ነው። እኛ ግን ያንኑ ጥያቄ የዳኛ ካባ አልብሰን እናቀርበዋለን። «ማስረጃ የለም» እንላለን፤ «ገንዘብ ፈልጋ ነው» እንላለን፤ ተጫዋቹ የባላንጣ ቡድን ከሆነ ደግሞ «እኔማ ከመጀመሪያውም ፊቱ ደስ አይለኝም ነበር» እንላለን። ካባውን ብትገልጡት ከሥሩ ያው የልጁ ጥያቄ ነው፦ ቅዳሜ ይሰለፋል ወይስ አይሰለፍም?

ተጫዋች ሲከሰስ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። አንዱ «አድርጎታል ወይ?» ነው፤ ሌላው «ተመልሶ ይጫወታል ወይ?» ነው። ፍርድ ቤት የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን በማስረጃው ልክ። ሁለተኛውን የሚመልሱት ክለቡ፣ ስፖንሰሩ፣ የዝውውር ገበያው፣ ዕድሜና እግር ናቸው። እኛ ደጋፊዎች ግን በሁለተኛው መልስ የመጀመሪያውን እንፈርዳለን። ወደ ሜዳ ከተመለሰ ንጹሕ ነበረ፣ ካልተመለሰ ደግሞ ያለ ነገር አልቀረም ብለን እናርፋለን። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህ ስህተት ዙሪያ ነው።

የመፍረድ ፍቅራችንን ከእንግሊዝ ሊግ ጋር በሳተላይት አላስገባነውም። የአባቶቻችን ሙግት መንገድ ላይ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው የሚያልፈውን ሰው «ዳኛ ሁነን» ይሉታል፤ አላፊውም በቅሎውን አቁሞ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በላ ልበልሃውን ያዳምጣል። ተሟጋቾቹ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዱ ነበር። ዛሬ አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ብትሉ ብዙም የተለወጠ ነገር የለም፤ የውርርዱ ወረቀት ኪስ ውስጥ ነው፣ ማኪያቶው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሙግቱም እንደ ጥንቱ ነው። አንድ ነገር ግን ጎድሏል። የመንገዱ ዳኛ ሁለቱንም ወገን ፊት ለፊት እያየ፣ አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላውን ዝም እያሰኘ ይሰማ ነበር። እኛ ግን ከሳሿን አይተናት አናውቅም። ተከሳሹንም የምናውቀው ከመስመር ኳስ ሲያሻማ ብቻ ነው።

ሙያዬ ነውና ስለ ቃላት ጥቂት ታገሡኝ። በስፖርት ወሬያችን ውስጥ «ተከሰሰ» የሚለው ቃል ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። ፖሊስ ሲይዘውም ተከሰሰ እንላለን፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበትም፣ ሲፈረድበትም ያው ነው። ሕጉ ግን ደረጃ አለው። ፖሊስ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ነው። ክስ ሲመሠረትበት ተከሳሽ ይሆናል። ችሎት ሰምቶ ከወሰነበት በኋላ ብቻ ጥፋተኛ ይባላል። መውጫ በሮቹም እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ክስ መቋረጥ አንድ ነገር ነው፤ ተሰምቶ በነጻ መሰናበት ሌላ ነው፤ ተፈርዶ ቆይቶ ፍርዱ በይግባኝ መሻሩ ደግሞ ሦስተኛ ነው።

ለምሳሌ የማንቸስተር ዩናይትዱን አጥቂ ሜሰን ግሪንዉድን ውሰዱ። በጥቅምት ወር 2022 ክስ ተመሠረተበት፤ በየካቲት 2 ቀን 2023 የእንግሊዝ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አቋረጠ፤ ምክንያቱም ዋና ዋና ምስክሮች ራሳቸውን በማግለላቸውና አዲስ ነገር በመገኘቱ የጥፋተኝነት ውሳኔ የማግኘት ተስፋ ስለሌለ ነው ተባለ። (ከዚህ ጉዳይ ጀምሮ ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የጨዋታ መርሐ ግብር በዚያ ስለምትከታተሉ ይቀላችኋል።) ችሎት ቀርቦ ምስክር አልተሰማም። እንግዲህ «ፍርድ ቤት ነጻ አለው» የሚለውም፣ «አድርጎ አመለጠ» የሚለውም ሁለቱም ያልተደረገ ፍርድ እየጠቀሱ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ የራሱን ማጣራት አድርጎ ከክለቡ ውጭ እንዲቀጥል ወሰነ፤ እርሱም ወደ ስፔኑ ሄታፌ ሄደ፣ ከዚያ የፈረንሳዩ ማርሴይ ገዛው፣ የማርሴይ ከንቲባ ዝውውሩን በአደባባይ ተቃወሙ፣ እርሱ ግን በ2024/25 በፈረንሳይ ሊግ 21 ጎል አገባ። ጎሎቹ ስለ ጎል የመሰከሩ ናቸው። ስለ ሌላው ጉዳይ ምንም አይናገሩም።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግሊዞችም የሚመሩት በዚሁ መርህ ነው። ይህን አንቀጽ ደጋፊ ሲጠቅሰው ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስሰማ ግን ደስታዬ ይጠፋል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚከተለው «ስለዚህ ውሸቷን ነው» የሚል ነው። ወንድሞቼ፣ ጥፋተኛ ሆኖ ያለመቆጠር መብት የተከሳሹ ነው እንጂ ከሳሿን በሐሰተኝነት የሚወነጅል አንቀጽ አይደለም። እርሷም በሐሰት መስክራለች ካላችሁ እርሱ ራሱን የቻለ ወንጀል ነውና እርሷም እንደ እርሱ እስኪረጋገጥባት እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አላት። በሌላ በኩል አንድ ደጋፊ «እስኪለይለት ድረስ የዚህን ልጅ ስም የያዘ ማሊያ አልለብስም» ቢል ሕገ መንግሥት አልጣሰም። አንቀጹ የሚያስረው ፍርድ ቤትንና መንግሥትን ነው፤ የማሊያ ምርጫ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ሰንደርላንድ ልውሰዳችሁ፤ እዚያ ትንሽ እንቆያለን።

አዳም ጆንሰን የክንፍ ተጫዋች ነበር። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 12 ጊዜ ተሰልፏል፤ ከማንቸስተር ሲቲ ወደ ሰንደርላንድ የሄደው በ2012 ነው። በመጋቢት 2 ቀን 2015 ከ15 ዓመት ልጅ ጋር የወሲብ ድርጊት ፈጽሟል በሚል ጥርጣሬ ተያዘ። ክለቡ አገደው። ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ እግዱን አነሣለትና ወደ ሜዳ ተመለሰ። በሚያዝያ ክስ ተመሠረተበት። መጫወቱን ቀጠለ። ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ነበርና ክለቡም፣ ደጋፊውም፣ እኛም ይህንኑ ያዝን። በጥቅምት 2015 ሰንደርላንድ ባላንጣውን ኒውካስልን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ የመጀመሪያዋን ጎል በፍጹም ቅጣት ምት ያገባው እርሱ ነው። ስታዲየሙ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም፤ ከተማ ከተማን ሲያሸንፍ ማን ስለ ክስ ያስባል?

ከዚያ የካቲት 6 ቀን 2016 መጣ። በሊቨርፑል ስታዲየም በአንፊልድ፣ ሊቨርፑል ከሰንደርላንድ። ያን ጨዋታ የምታስታውሱት በሌላ ምክንያት ይሆናል። የሊቨርፑል ባለቤቶች የአንድ ወንበር ትኬት 77 ፓውንድ ሊያደርሱ አቅደው ስለነበር በ77ኛው ደቂቃ 10,000 ያህል ደጋፊዎች ተነሥተው ወጡ። ሲወጡ ሊቨርፑል 2 ለ 0 ይመራ ነበር። በ82ኛው ደቂቃ ጆንሰን በቅጣት ምት አገባ። በ89ኛው ጀርሜይን ዴፎ አቻ አደረገ። ዓለም ሁሉ ስለ ደጋፊ ኃይል አወራ፤ ትክክልም ነበር። ከአራት ቀን በኋላ፣ የካቲት 10፣ የሊቨርፑል ባለቤቶች ዕቅዱን መሰረዛቸውን አስታወቁ።

በዚያው ዕለት፣ የካቲት 10፣ ብራድፎርድ ከተማ ባለው ችሎት አዳም ጆንሰን ከቀረቡበት ክሶች ሁለቱን አምኖ ተቀበለ።

እነዚህን ሁለት ዜናዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ እወዳለሁ። ደጋፊ ሲነሣ ባለሀብት ወደኋላ እንደሚል በዚያ ሳምንት አየን። ይኸው ኃይል ግን ለትኬት ዋጋ እንጂ ሜዳው ላይ ቅጣት ምት እየመታ ስለነበረው ተከሳሽ አልተነሣም። መነሣት ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ ያን ቀን ተጫዋቹ ገና ጥፋተኛ አልተባለም ነበር። የገረመኝ ማንም ጥያቄውን እንኳን አለማንሣቱ ነው። ጎሉ አፋችንን ዘግቶት ነበር።

ክለቡ በማግስቱ አሰናበተው። በመጋቢት 2 ቀን 2016፣ ከተያዘ ልክ ዓመት በሞላው ቀን፣ በካደው በአንደኛው ክስ ጥፋተኛ ተባለ፤ በሌላኛው ነጻ ወጣ። በዚያው ወር 6 ዓመት ተፈረደበት። ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት፣ ጥፋተኛ በተባለ በቀናት ውስጥ፣ የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማርጋሬት በርን ለቅቀው ነበር፤ ከወራት በፊት የጉዳዩን ሰነዶች አይተው ነበርና እንዲጫወት መፍቀዳቸው ከባድ ስህተት እንደነበር ራሳቸው ተናገሩ። ጆንሰን በመጋቢት 2019 ከእስር ወጣ፤ 31 ዓመቱ ነበር። በሙያተኛ ደረጃ ዳግም አልተጫወተም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምንዘለው አንድ ነገር አለ። ያቺ የ15 ዓመት ልጅ የሰንደርላንድ ደጋፊ ነበረች። ፊርማውን ፍለጋ የምትጠብቅ፣ ማሊያ የምታስፈርም ልጅ። «የደጋፊው ስሜት» ስንል፣ «ደጋፊው ከጎኑ ቆመ» ስንል እርሷን አንቆጥራትም። እርሱን ስናስብ ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ጎል አለው፤ እርሷ ስሟ በሕግ የተሸሸገ ነውና በወሬያችን ውስጥ «አንዷ» ሆና ቀረች። በዚያ ዓመት ስለ ሰንደርላንድ ከመውረድ መትረፍ ስንቆጥር የነበረው ነጥብ፣ ከእነዚያ ነጥቦች ጥቂቱ የተገኘው በእርሱ እግር ነው፤ ለእርሷ ቡድን።

የቼድ ኢቫንስ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እርሱን ባላነሣ ሚዛኔ ያጋድላል። በ2012 የሼፊልድ ዩናይትድ አጥቂ ሆኖ በአንድ የውድድር ዘመን 35 ጎል ባገባበት ዓመት በአስገድዶ መድፈር ጥፋተኛ ተብሎ 5 ዓመት ተፈረደበት። ግማሹን ጨርሶ በጥቅምት 2014 ወጣ። ክለቡ ልምምድ እንዲሠራ ሲፈቅድ ከ150,000 በላይ ሰው ተቃውሞ ፈረመ፤ የኦሊምፒክ ባለ ወርቋ ጄሲካ ኤኒስ ሂል ክለቡ ውል ከሰጠው በስሟ ከተሰየመው የስታዲየሙ የተመልካች መቀመጫ ክፍል ላይ ስሟ እንዲነሣ ጠየቀች፤ ክለቡ ፈቃዱን ሰረዘ። ኦልድሃም ሊያስፈርመው ሞክሮ በጥር 2015 ወደኋላ አለ። ከዚያም አዲስ ማስረጃ ቀርቦ በሚያዝያ 2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረ፤ ጉዳዩ እንደገና ተሰምቶ በጥቅምት 2016 ጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች፣ ነጻ አለው።

የአንድ ሰው ዕድሜ ከ23 እስከ 27 እንዴት ያለ ዕድሜ እንደሆነ አጥቂ የሆነ ሰው ያውቃል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ እዚህ ግን በቅሎዋም በፍርድ ሄዳ፣ ፍርዱም ተመልሶ ሄደ። በ2014 «ጥፋተኛ ነው» ያለ ሰው በሕግ ትክክል ነበር። በ2016 ያንኑ ቃል የደገመ ሰው ተሳስቷል። በሁለቱም ጊዜ «ንጹሕ ነው» ሲል የነበረው ደጋፊስ? ብልህ ነበር ልትሉ ትችላላችሁ። እኔ ግን አብዛኛው ቀይና ነጭ ማሊያ ስለለበሰ ብቻ ያለው ይመስለኛል። ያልተሠራ ሒሳብ መልሱ ቢገጥም ተማሪው አወቀ አይባልም።

ከዚህ ጉዳይ ለእኛ፣ ለምናወራው ሰዎች፣ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝ ሕግ የወሲብ ጥቃት ደርሶብኛል ያለች ሴት ስሟ ዕድሜ ልኳን እንዳይታወቅ ይከለክላል። የ2012ቱ ፍርድ እንደተሰማ የተቆጡ ሰዎች ስሟን በማኅበራዊ ሚዲያ እየጻፉ ሰደቧት። በኅዳር 2012 ዘጠኝ ሰዎች ችሎት ቀርበው ጥፋታቸውን አመኑ፤ እያንዳንዳቸው 624 ፓውንድ እንዲከፍሏት ተወሰነ። ስለ ሰው ክስ ሲያወሩ ራሳቸው ተከሳሽ ሆነው አረፉ። የተጫዋቹ ፍርድ ከዓመታት በኋላ መሻሩም የእነርሱን ጥፋት አያነሣም፤ የሕጉ ዓላማ ማንም ሴት አቤት ከማለቷ በፊት የስታዲየም ጩኸት እንዳያስፈራት ነው። ከሳሿ ረታችም ተረታችም ስሟ አይወጣም።

ወደ ሜንዲ ልመለስ። የሠፈሬ ልጅ በዚያው ሌሊት ሸጠው፤ በፋንታሲ ሕግ ጥሩ ውሳኔ ነበር።

ሲቲ በ2017 ሲገዛው 52 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደወጣበት ተዘግቧል፤ በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫ አንሥቷል። በነሐሴ 2021 ክስ በተመሠረተበት ዕለት ክለቡ አገደው። ችሎቱ በቼስተር ከተማ በነሐሴ 2022 ተጀምሮ ወራት ፈጀ። በሂደቱ መካከል አንዱ ክስ በዳኛው ትእዛዝ ወደቀ፤ እኛ አገር «መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበት» የሚባለውን ብይን የሚመስል ነገር ነው። በጥር 13 ቀን 2023 ጁሪው በስድስት የአስገድዶ መድፈርና በአንድ የወሲብ ጥቃት ክስ ነጻ አለው፤ በሁለት ክሶች ግን መስማማት አቃተው። እነርሱም እንደገና ታይተው በሐምሌ 14 ቀን 2023 በሁለቱም ነጻ ወጣ። ሜንዲ ከተከሰሰበት ነገር በአንዱም ጥፋተኛ አልተባለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን መናገር ዕዳ አለብን፤ ክሱን በጮኽንበት ድምፅ ልክ።

አሁን ቀኑን ልብ በሉ። ከሲቲ ጋር የነበረው ውል ያበቃው በሰኔ 30 ቀን 2023 ነው። ነጻ ከመባሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማለት ነው። ክለቡ ሊያሰናብተው አላስፈለገም፣ ሊመልሰውም አልተገደደም፤ ጊዜ ለሁሉም ሠራላቸው። በዚያው ወር የፈረንሳዩ ሎሪያን አስፈረመው። ሎሪያን በዓመቱ ወደ ሁለተኛው ሊግ ወረደ፤ በ2025 መጀመሪያ ሜንዲ ወደ ስዊዘርላንዱ ክለብ ዙሪክ ሄደ። ሃምሳ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት ሰው ዋጋ አልተመለሰም። ነጻ የሚያሰናብት ፍርድ ነጻነት ይመልሳል እንጂ ፍጥነት አይመልስም፤ ሁለት ዓመት ያልተጫወተ የመስመር ተከላካይ ጉልበቱም ልቡም ሌላ ነው፤ ቀድሞውንም ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። ስለዚህ «ነጻ ከሆነ ለምን ትልቅ ቡድን አልወሰደውም?» ብሎ የሚጠረጥር ሰው ከችሎቱ መዝገብ በፊት የሕክምና መዝገቡን ያንብብ።

እንደ ሕግ ሰው የምወደው ክፍል ግን ደመወዙ ነው። ሲቲ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ደመወዙን አቆመ። በወር 500,000 ፓውንድ ነው፤ (አዎ፣ በወር፤ ትንፋሻችሁን ዋጥ አድርጉ) ውሉ እስኪያበቃ 22 ወር ይሆናል፤ ስታባዙት 11 ሚሊዮን። ሜንዲ ክለቡን በማንቸስተር የሥራ ክርክር ችሎት ከሰሰ። በዚያ ክርክር ላይ የሲቲ ባልደረቦቹ ለጠበቃና ለኑሮ ገንዘብ እንዳበደሩትም ተናገረ። በኅዳር 2024 ዳኛዋ የወሰኑትን ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። እስር ቤት በቆየባቸው 5 ወራት ገደማ ክለቡ ባይከፍል ትክክል ነው፤ የታሰረው የዋስትና ግዴታውን ስለጣሰ ነውና ከሥራ የቀረው በራሱ ምክንያት ነው። በቀሪዎቹ ወራት ግን ሰውየው ሊሠራ ፈቃደኛ ነበር፤ ያገደው የፌዴሬሽኑ እግድና የዋስትናው ገደብ ነው፤ ይህ ደግሞ በእጁ ያልነበረ ነገር ነው። ውሉም ደመወዙን ለማቆም ለክለቡ ሥልጣን አልሰጠውም። ስለዚህ የአብዛኛው ገንዘብ ባለመብት ነው ተባለ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጣችሁ እዩ። ሠራተኛ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ሲታሰርና አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ሲያውቀው የሥራ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። የመጋዘን ጠባቂውም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ በሐሰት ይሁን በእውነት ተከሶ ሁለት ሳምንት ጣቢያ ቢያድር ሥራው ይጠብቀዋል ማለት ነው። ከ30 ቀን በላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በዚህ መንገድ ሥራቸውን ያጡ፣ ኋላ በነጻ የተሰናበቱ ደንበኞች ነበሩኝ፤ ሎሪያን የሚባል ማንም አልጠበቃቸውም። ስለዚህ አንድ ደጋፊ «ክለቡ ወዲያው ማባረር ነበረበት» ሲል ሕጉን ለሀብታም ብቻ እንዳላስቀመጡት ላስታውሰው እወዳለሁ። ማገድ ይቻላል። አንዲት ከሳሽና ሊመሰክሩ የሚችሉ ሰዎች ባሉበት ነገር ተከሳሹን ቅዳሜ ቅዳሜ በስሙ እየዘመሩለት ማሰለፍ ተገቢ አይመስለኝም፤ ደመወዙን እየከፈሉ ከሜዳ ማቆየት ግን ሁለቱንም ወገን አይበድልም። ክለቦች ይህን የማይወዱት ውድ ስለሆነ ነው። ጎል የሚያገባ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ውድ ይሆንባቸዋል።

እናንተም በልባችሁ የያዛችሁት አንድ ስም እንዳለ አውቃለሁ። ከኋላ ያለኸው ወንድሜ፣ አፍህን ስታንቀሳቅስ አይቼሃለሁ። እኔም የዚያው ቡድን ደጋፊ ነኝ፤ የእርሱ ማሊያ እቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። የእርሱ ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት ነው። ክሱን ክዷል። ምስክር ተሰምቶ ያልተወሰነ ነገር ላይ እኔ ጠበቃ ሆኜ እዚህ መድረክ ላይ ብፈርድ እስካሁን ያልሁት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። ማሊያውን አልጣልሁትም፤ አልለበስሁትምም። ባለቤቴ «ምን ይሁን?» ብላ ጠይቃኝ «ይቆይ» ብያታለሁ። የሠፈሬ ልጅ ይህን ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ጨርሼ ጥያቄ ስቀበል ብዙው የጠየቀኝ የጠበቅሁትን ነው፤ ስለ ዋስትና፣ ስለ ጁሪ፣ እኛ አገር ጁሪ ለምን የለም ስለሚለው። አንዲት ወጣት ግን መጨረሻ ላይ ተነሥታ «ጋሼ፣ ያንን የአንፊልዱን ጎል በቀጥታ ተከታትለውታል?» አለችኝ።

አዎ፣ አይቻለሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ ነበር፤ ከጓደኞቼ ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ነበርሁ። ኳሷ መረብ ስትነካ ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብሁ፤ ሊቨርፑል ነጥብ ሲጥል ደስ ይለኛል።

«ክሱን ያውቁ ነበር?»

አንብቤው ነበር።